ጣራችሁ ስንት ማይክሮን ነው?

በአገራችን የአንድ ገበሬ ኑሮ መሻሻሉ የሚታወቀው በብዙ ነገር ነው፤ ከሁሉ ቀድሞ ዓይን የሚገባው ግን ጣራው ነው። የሣር ክዳን ወርዶ ቆርቆሮ ሲመታ ጎረቤት ያያል፣ መንገደኛ ያያል፣ ቀበሌውም በሪፖርቱ ይጽፈዋል። ስንት ቤት ቆርቆሮ ለበሰ የሚለው ቁጥር የልማት ማሳያ ሆኖ ኖሯል። ያ ቆርቆሮ ስንት ዓመት ይቆያል ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

ዛሬ ላነሳው የፈለግሁት ይህንኑ ነው። ነገሩ ላይ ላዩን ሲያዩት የብረት ነጋዴና የመሐንዲስ ጉዳይ ይመስላል። በእኔ እምነት ግን ከሁሉ በፊት የሕግ ጉዳይ ነው። ገዢው ዋጋ የሚከፍልበት ዋናው ነገር በዓይን አይታይም፣ በእጅም አይዳሰስም። ሻጩ ካልነገረው ወይም መሣሪያ ይዞ ካልለካው በስተቀር የገዛውን ነገር ምንነት የሚያውቀው ጣራው ማፍሰስ ሲጀምር ብቻ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ደረሰኙም የለም፣ ነጋዴውም የለም፣ የሕጉም ጊዜ አልፏል።

ኦቾሎን ለምሳሌ

ኦቾሎ በጋሞ ዞን፣ ከአርባ ምንጭ በስተሰሜን፣ በስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ ከአለት ጋር ተጣብቆ የተቆረቆረ መንደር ነው። ቁልቁል አባያ ሐይቅን ያያል። ስሙ በውጭው ዓለም የታወቀው በሸንጎው ነው። ፈረንሳዊው የሥነ ሰብ ተመራማሪ ማርክ አቤሌስ የኦቾሎን የአደባባይ ጉባኤ አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1983 መጽሐፍ አሳትሟል። ሰው በአደባባይ ተቀምጦ፣ ተናጋሪው ተነስቶ፣ ነገሩ እስኪጠራ ድረስ ተከራክሮ የሚወስንበት ሥርዓት ነው። ጋሞዎች የሸንጎውን አደባባይ ዱቡሻ ይሉታል። በመስከረም 2011 ዓ.ም. ከቡራዩው ግድያ በኋላ አርባ ምንጭ ላይ ለበቀል የተነሳውን ወጣት እርጥብ ሣር ይዘው፣ ተንበርክከው የመለሱት የጋሞ አባቶችም ከዚሁ ባህል የወጡ ናቸው።

ወደዚያ አካባቢ በሄድኩበት ጊዜ ዓይኔን የሳበው ግን ሸንጎው ብቻ አልነበረም። አለቱ ላይ የሰፈሩት ጣራዎች ቀለማቸው ለየቅል ነው። አንዱ ገና ያብረቀርቃል፣ አንዱ ግራጫ ሆኗል፣ አንዱ ደግሞ እንደ ቀይ አፈር ዝጓል። አንድ አዛውንት በአስተርጓሚ እንዲህ አሉኝ፦ «አባቴ የመታው ቆርቆሮ ከኩሽናው ላይ አሁንም አለ። እኔ የመታሁት ግን ከሱ በፊት አረጀ።»

ይህን አባባል በየክፍለ አገሩ ሰምታችሁታል። አዲስ አበባም ውስጥ «የጃንሆይ ዘመን ቆርቆሮ» የሚባል ነገር አለ። እንደ ሕግ ሰው ግን የአንድ ሰው ምስክርነት ብቻውን ማስረጃ እንደማይሆን መናገር አለብኝ። ከድሮዎቹ ቆርቆሮዎች ቀድመው የዛጉት ወርደው ተጥለዋል፤ ዛሬ ቆመው የምናያቸው የተረፉት ናቸው። ስለዚህ የድሮ ሁሉ ደህና፣ የዛሬ ሁሉ ቀሽም ነው ማለት አይቻልም። ጥያቄውን በወሬ ሳይሆን በልክ መመለስ ያስፈልጋል። ልኩ ደግሞ አለ።

ከፀጉር የቀጠነ ልዩነት

ቆርቆሮ የምንለው ቀጭን የብረት ሉህ ሲሆን ከዝገት የሚጠብቀው በሁለቱም ገጽ የተለበጠው ዚንክ ነው። ዚንኩ ብረቱን ከዝናብና ከአየር መጋረዱ ብቻ አይደለም፤ ቢጫርም እንኳ ከብረቱ ቀድሞ እሱ ራሱ ይበላል። ዚንኩ እስካለ ብረቱ ይኖራል። ዚንኩ ሲያልቅ ግን ቀጭኑ ብረት ብዙ አይቆይም።

ገበያ ላይ ግን የምንጠይቀው ስለ ዚንኩ አይደለም፤ ስለ ጌጁ ነው። «ስንት ጌጅ ነው?» ይባላል። 28፣ 30፣ 32፣ 35 እያለ ቁጥሩ ሲጨምር ሉሁ ይቀጥናል፤ ይህ ራሱ ስንቱን ገዢ ያደናግራል። 35 ጌጅ የሚባለው 0.2 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ይህ ቁጥር ግን የሉሁን ውፍረት እንጂ የዚንኩን መጠን አይናገርም። ሁለት ቆርቆሮዎች በጌጅ እኩል ሆነው በዚንክ ግን አንዱ ሀብታም፣ ሌላው ድሃ ሊሆን ይችላል። በዓይን ሁለቱም ያብረቀርቃሉ።

የዚንክ መጠን በዓለም ገበያ የሚገለጸው በካሬ ሜትር በግራም ነው፣ የሁለቱ ገጽ ድምር። ዜድ 275 የሚባለው በካሬ ሜትር 275 ግራም ዚንክ አለው ማለት ነው። ወደ ውፍረት ሲመነዘር በአንድ ገጽ 19 ማይክሮን ገደማ ይሆናል። ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው። ዜድ 100 የሆነው ደግሞ በአንድ ገጽ 7 ማይክሮን ገደማ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 12 ማይክሮን ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት 70 ማይክሮን ገደማ ነው ብንል፣ ልዩነቱ የአንድ ፀጉር ስድስተኛ ያህል ነው።

ይህች ስድስተኛ ፀጉር ምን ታመጣለች? አይኤስኦ 9223 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ የአካባቢ አየር ዚንክን በዓመት ምን ያህል እንደሚበላ በየምድቡ ያስቀምጣል። ንጹሕ አየር ባለው ገጠር ዓይነት ምድብ ከ0.1 እስከ 0.7 ማይክሮን፣ በመካከለኛው ምድብ ከ0.7 እስከ 2.1 ማይክሮን ነው። የሁለቱን ድንበር 0.7 ወስደን እናስላ። 19 ማይክሮኑ ዚንክ 27 ዓመት ይቆያል። 7 ማይክሮኑ ግን 10 ዓመት። በዓይን የማይታይ ልዩነት 17 ዓመት ወሰደ ማለት ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ ዝናብ ለሚያገኝ እንደ ጋሞ ደጋ ላለ አገር፣ ልጅ ተወልዶ ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ እስኪይዝ ያለ ዕድሜ ነው።

ወደ ገንዘብ እንመልሰው። 60 ካሬ ሜትር ለሆነ ጣራ በሁለቱ መካከል ያለው የዚንክ ልዩነት 10 ኪሎ ተኩል ነው። የዚንክ ዋጋ በዓለም ገበያ በቶን 2,800 ዶላር ነው ብለን ብናሰላ 30 ዶላር አይሞላም። አምራች ወይም አስመጪ በአንድ ቤት 30 ዶላር ያህል ይቆጥባል፤ ባለቤቱ ከ10 ዓመት በኋላ ሙሉ ጣራ ይገዛል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ገበያው ክፍት ከሆነ በኋላ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ማለፉን እናስታውሳለን። ጥሬ ዕቃው በዶላር ለሚመጣ ሸቀጥ ይህ ምን ዓይነት ፈተና እንደሚያመጣ ለመገመት ነጋዴ መሆን አያስፈልግም። ዋጋ ሲጨምር ሁሉም ያያል፤ ዚንክ ሲቀንስ ግን ማንም አያይም።

በኪስ የሚያዝ ምስክር

ይህን የማይታይ ነገር የሚያይ መሣሪያ አለ። መጠኑ ከእጅ ስልክ ብዙም አይበልጥም፣ በባትሪ ይሠራል፣ ጫፉን ቆርቆሮው ላይ ሲያሳርፉት በሰከንድ ውስጥ በማይክሮን ቁጥር ያወጣል። ሥራው ቀላል ነው። ጫፉ ላይ ያለች ጥቅል ሽቦ መግነጢሳዊ መስክ ትፈጥራለች፤ ብረት ሲቀርባት መስኩ ይጠነክራል። በመካከል ማግኔት የማይስበው ነገር፣ ዚንክ ወይም ቀለም፣ ሲገባ መስኩ እንደ ሽፋኑ ውፍረት ይደክማል። መሣሪያው ያንን ድካም ወደ ቁጥር ይለውጠዋል። ከሥር ያለው ብረት ሳይሆን አሉሚኒየም ከሆነ ደግሞ ኤዲ ከረንት በሚባለው ሌላ ዘዴ የሚሠራ አለ።

አዲስ አበባ ውስጥ ይህን መሣሪያ የሚያውቁት አብዛኛውን ጊዜ ያገለገለ መኪና የሚገዙ ሰዎች ናቸው። ከፋብሪካ የወጣ መኪና ቀለሙ በአብዛኛው 100 ማይክሮን ገደማና ከዚያ ጥቂት ከፍ ያለ ነው። ስቱኮ ተለጥፎ ድጋሚ የተቀባ በር ግን ብዙ መቶ፣ አንዳንዴም ከ1,000 ማይክሮን በላይ ያነባል። ደላላው «አልተነካም» ብሎ ሲምል መሣሪያው ተነክቷል ይላል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። በሚሊዮን የሚቆጠር ብር ይዞ መኪና የሚገዛው የከተማ ሰው ምስክር አለው። የዓመታት ቁጠባውን ይዞ ከኦቾሎ ወደ አርባ ምንጭ ወርዶ ቆርቆሮ የሚገዛው ገበሬ ግን የለውም።

ምስክሩም መመርመር አለበት

ይሁን እንጂ መሣሪያው ተገኘ ብሎ መጮህ ደግሞ ሌላ ጥፋት ነው። ምስክር ሁሉ ይጠየቃል፤ ይህም ምስክር ይጠየቅ።

አንደኛ፣ ርካሾቹ መሣሪያዎች አንድ ሁለት ማይክሮን ሊስቱ ይችላሉ። 300 ማይክሮን ቀለም ለሚለካ ሰው ይህ ምንም አይደለም። 7 ማይክሮን ዚንክ ለሚለካ ግን ትልቅ ነገር ነው።

ሁለተኛ፣ ብዙዎቹ መሣሪያዎች በትክክል ለመሥራት ከሽፋኑ ሥር ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ብረት ይፈልጋሉ። የእኛ ቆርቆሮ ከዚያ ይቀጥናል። ብረቱ ሲቀጥን መስኩ ይደክማል፤ መሣሪያውም ድካሙን የሽፋን ውፍረት አድርጎ ይቆጥረዋል። የቆርቆሮው ጉብታ ላይ ሲለካም እንዲሁ ቁጥሩ ከፍ ይላል። ስለዚህ ከመለካት በፊት ዚንኩ በአሲድ በተነሳለት የዚያው ዓይነት ቆርቆሮ ላይ ዜሮ ማድረግ፣ ከዚያም ውፍረቱ በታወቀ ስስ ፕላስቲክ መፈተሽ ግዴታ ነው። እዚህ ላይ ለሕግ ሰው የምትጥም ነጥብ አለች። በወፍራም ብረት ላይ ዜሮ የተደረገ መሣሪያ በቀጭን ቆርቆሮ ላይ ሲሳሳት ስህተቱ ወደ ሻጩ ያደላል፤ ካለው በላይ ዚንክ ያሳያል። እንዲያም ሆኖ ቁጥሩ ዝቅ ካለ ጥርጣሬው ጠንካራ ነው ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ ባለ ቀለም ቆርቆሮ ላይ መሣሪያው ዚንኩንና ቀለሙን ደምሮ አንድ ቁጥር ይሰጣል። 25 ማይክሮን ቢል፣ 20ው ቀለም 5ቱ ዚንክ ይሁን፣ ወይም ግማሽ በግማሽ ይሁን አይለይም። ባለ ቀለሙ ቆርቆሮ በከተማም በገጠርም እየተወደደ በመጣበት ጊዜ ይህ ቀላል ክፍተት አይደለም።

የመጨረሻው ፍርድ ያለው ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ቁራጭ ቆርቆሮ ይመዘናል፣ ዚንኩ በአሲድ ይነሳል፣ እንደገና ይመዘናል፤ ልዩነቱ ዚንኩ ነው። በዚህ ላይ ብዙ ክርክር የለም። ችግሩ ላቦራቶሪው ሩቅ መሆኑ ነው። አርባ ምንጭ ከአዲስ አበባ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች።

ሕጉ ምን ይላል?

ሕግ የለንም ማለት አይቻልም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለዕቃው ጉድለት ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል። ነገር ግን በአንቀጽ 2291 ገዢው ዕቃውን ለመመርመር እንደቻለ ሳይዘገይ እንዲመረምር ያዛል፤ ጉድለት ሲያገኝም ለሻጩ ማስታወቅ አለበት። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ደግሞ ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይናገራል። ጉድለት ያገኘ ሸማች ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የሚጠይቅበትን ጊዜም ያስቀምጣል፤ ከገዛበት ቀን ጀምሮ 15 ቀን።

15 ቀን! የማይሞቅ ምድጃ፣ የማይሠራ ቴሌቪዥን በ15 ቀን ይታወቃል። ዚንኩ የሳሳ ቆርቆሮ ግን በ15ኛው ቀን ከማንም የበለጠ ያብረቀርቃል። ጉድለቱ የሚገለጠው በዓመታት ነው። ስለዚህ መብቱ በወረቀት ላይ አለ፣ በጣራው ላይ ግን የለም። የፍትሐ ብሔር ሕጉም የሚለው መርምር ነው፤ በምን ይመርምር የሚለውን ግን ለገዢው ትቶታል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለው ተረት ለገበያተኛ ምክር ሊሆን ይችላል፤ የአገር ሕግ መሠረት ሊሆን ግን አይገባም።

ተቋማትስ? በ2003 ዓ.ም. የቀድሞው የጥራትና ደረጃዎች ባለሥልጣን ለአራት ተከፍሎ ደረጃ የሚያወጣው፣ የሥነ ልክ ሥራ የሚሠራው፣ ተስማሚነትን የሚመዝነውና የአክሬዲቴሽን ሥራ የሚሠራው ለየብቻ ቆሙ። አሳቡ ጥሩ ነበር፤ ደረጃ የሚያወጣ፣ የሚለካና የሚፈርድ አንድ ሰው መሆን የለበትም። በ2014 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1263 ደግሞ የሸማቾች ጥበቃ ሥራ ወደ ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ተጠቃለለ። እነዚህ ሁሉ ግን ዋና ጉልበታቸው አዲስ አበባና የመግቢያ ኬላዎች ላይ ነው። ዕቃው ኬላውን አልፎ በአራትና አምስት እጅ ዞሮ ወረዳ ሲደርስ የሚጠብቀው የንግድ ጽሕፈት ቤት ባለሙያ፣ በአብዛኛው በእጁ ያለው እስክሪብቶና ደረሰኝ መመርመሪያ ሥልጣን ነው። ሚዛን ያስፈትሻል፣ ዋጋ መለጠፉን ያያል። ዚንክ ግን በእስክሪብቶ አይለካም።

የነጋዴው ክርክር

ነጋዴዎች ይህን ሲሰሙ የሚሉት አለ፤ መሰማትም አለበት። «ርካሹን የሚጠይቀን ገዢው ራሱ ነው። ወፍራሙን ብቻ ሽጡ ብትሉን ድሃው ከሣር ክዳን አይወጣም» ይላሉ። እውነት አለበት። ዛሬ ልጆቹን ከሚያፈስ ጣራ ለማውጣት የሚፈልግ አባት ለ27 ዓመት አይደለም የሚያስበው፤ ለመጪው ክረምት ነው። ስስ ቆርቆሮ መግዛት መብቱ ነው። መብቱ ያልሆነው፣ ስስ መሆኑን ሳያውቅ መግዛት ነው። እኔ የምከራከረው ስሱ ይከልከል ብዬ አይደለም፤ ስሱ ስስ ተብሎ፣ በስሱ ዋጋ ይሸጥ ብዬ ነው።

ሌላም አለ። የአርባ ምንጩ ቸርቻሪ ራሱ ብዙ ጊዜ ተጎጂ ነው። ከጅምላ ሻጭ የተረከበውን እንደተነገረው ይሸጣል። ቁጥሩን ቢያውቅ የሚጠቀመው እሱም ነው። ጥሩ ዕቃ የሚያመጣ አስመጪና አምራችም እንዲሁ፤ ዛሬ በመልክ አንድ ከሆነ ስስ ዕቃ ጋር በዋጋ ተወዳድሮ ይሸነፋል። ልክ በሌለበት ገበያ ሐቀኛው ይከስራል።

ምን ይደረግ?

በእኔ አመለካከት አምስት ነገር ሊደረግ ይችላል፤ አንዱም ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።

1ኛ፣ እያንዳንዱ ቆርቆሮ ላይ በማይለቅ ቀለም ሁለት ቁጥር ይታተም፤ የብረቱ ውፍረት በሚሊ ሜትር፣ ዚንኩ በካሬ ሜትር በግራም። ጌጅ የሚለው የድሮ ቁጥር ብቻውን መረጃ ነው ተብሎ አይቆጠር።

2ኛ፣ ለዞንና ለወረዳ ንግድ ጽሕፈት ቤቶች የተረጋገጡ የሽፋን መለኪያዎች ከማመሳከሪያ ናሙና ጋር ይሰጡ። መሣሪያዎቹ በየጊዜው በሥነ ልክ ተቋሙ ይፈተሹ። ያልተፈተሸ መሣሪያ በነጋዴ ላይ ማስረጃ አይሁን።

3ኛ፣ የእጅ መሣሪያው ማጣሪያ እንጂ ፍርድ አይሁን። በወረዳ ዝቅ ያለ ቁጥር ከተገኘ ነጋዴው ባለበት ናሙና ተቆርጦ፣ ታሽጎ ወደ ላቦራቶሪ ይሂድ። እስከዚያው የማስረዳት ሸክሙ ወደ አምራቹ ወይም አስመጪው ይዙር፤ የፋብሪካውን የጥራት ምስክር ወረቀት እሱ ያቅርብ። ሰነዱ ያለው እሱ ጋ ነው፣ ከገበሬው ጋ አይደለም። እንደ አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ያሉ የምህንድስና ትምህርት የሚሰጡ ተቋማት ዕውቅናው ተሰጥቷቸው ምርመራውን በቅርብ ቢሠሩት ደግሞ 400 ኪሎ ሜትሩ ያጥራል።

4ኛ፣ ሕግ አውጪው የ15 ቀኑን ጊዜ ለተደበቀ ጉድለት ያሻሽለው። ጊዜው ከግዢው ሳይሆን ጉድለቱ ከታወቀበት ቀን ይቆጠር፤ ለንግድ ጸጥታ ሲባል ደግሞ የመጨረሻ ጣሪያ ይኑረው።

5ኛ፣ መንግሥት ከራሱ ይጀምር። ትምህርት ቤትና ጤና ኬላ ሲሠራ ውሉ ውስጥ የዚንኩ ግራም ይጻፍ፣ ርክክቡ ላይ ይለካ። ሕዝብ መዋጮ አዋጥቶ የሠራው ትምህርት ቤት ጣራው ቢያፈስ የሚያዋጣው ያው ሕዝብ ነው።

ጋሞዎች ጎሜ የሚሉት ነገር አላቸው። የተከለከለን ነገር የጣሰ ሰው ጥፋቱ በእሱ ላይ ብቻ አይቀርም፣ በቤተሰቡና በአካባቢው ላይ መከራ ያመጣል፤ የሚፈታውም ጥፋቱ በግልጽ ሲነገር ነው ብለው ያምናሉ። የዚያው ሕዝብ ባህላዊ የዶርዜ ቤትም ግልጽ ነው። ምስጥ ግርጌውን ሲበላው ያጥራል፤ ማርጀቱ በቁመቱ ይታያል፣ ባለቤቱም ምን ያህል እንደቀረው ያውቃል። በቀርከሃ ቤት ፋንታ የሸጥንለት ቆርቆሮ ግን ዕድሜውን ደብቆ ያረጃል። የተደበቀውን በአደባባይ መናገር የሚያውቅ ሕዝብ ዘንድ የቆርቆሮውን ቁጥር በአደባባይ መለጠፍ የሚከብድ አይመስለኝም። ወረዳው በየሦስት ወሩ የለካውን በገበያ ቀን ዱቡሻ ላይ ያንብብ፤ የተለካውን ዓይነት፣ የተጻፈውን ቁጥርና የተገኘውን ቁጥር። ነጋዴውም ከተቃወመ እዚያው ይናገር።

ሚዛን ባልነበረበት ዘመን እህል በእጅ እየተገመተ ይሸጥ ነበር፤ ሚዛን ሲመጣ ግን «ያለ ሚዛን አልገዛም» ማለት የማንኛውም ሸማች መብት ሆነ። ሐሰተኛ ሚዛንም በወንጀል ሕጋችን የሚያስቀጣ ነው። ማይክሮንም እንዲሁ ሚዛን ነው። ልዩነቱ፣ የእህሉ ጉድለት በዚያው ቀን እራት ላይ ይታወቃል፤ የዚንኩ ጉድለት ግን የሚታወቀው ልጆች ካደጉ በኋላ ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ለራሳችሁም ሆነ ገጠር ላሉ ወላጆቻችሁ ቆርቆሮ ስትገዙ ጌጁን ብቻ ጠይቃችሁ አትመለሱ። ዚንኩ ስንት ነው በሉ። ሻጩ ባያውቅ እንኳ፣ አሥር ሰው ከጠየቀው አሥራ አንደኛው ሳይመጣ ጅምላ ሻጩን ይጠይቃል።